«አሥር መኪና ቢመጣም»፦ ስለ ድሬዳዋ እሳት አደጋ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ድሬዳዋ የእሳት አደጋ አገልግሎት የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ጸሐፊው ከተማዋን እንደሚወዱ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ቁጣቸውም የእውነት ነው። የዕድሜ ልክ ጥሪቱ በአንድ ሌሊት አመድ የሆነበትን ነጋዴ ያየ ሰው እንዴት አይቆጣም? ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሠራተኞቹ ሰነፎች ስለሆኑ ይዘገያሉ፤ መኪናው ባዶውን ይመጣል፤ ስለዚህ ከየትም አገር ይሁን አሥር ያገለገሉ መኪናዎች ለምነን እናስመጣ፤ ከዚራ ሰፈር ላይ አንድ ትልቅ ጣቢያ ሠርተን ሐረርንም ከዚያው እናገልግል፤ ተቋሙን እንደ ፓሪስ ወታደራዊ እናድርገው፤ ነጋዴው የራሱን የግል ቡድን ያቋቁም፤ የጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) መተላለፊያዎች ይስፉ፤ የሱቅ ፍተሻው ደግሞ ነጋዴን ማማረሪያ ስለሆነ ይቅር።

እኔ በዚህችው ከተማ በአንድ ፋብሪካ የእሳት መከላከያ ቡድን ውስጥ ዓመታት ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ለማንም ጥብቅና ልቆም አልተነሳሁም፤ ከጽሑፉ የምስማማባቸው ነጥቦችም አሉ፣ በየቦታቸው እጠቅሳቸዋለሁ። የማልስማማው ከመሠረቱ ጋር ነው። ጸሐፊው «እሳት አደጋ» ሲሉ የሚታያቸው ቀይ መኪና ብቻ ነው። መኪናዋ ግን የምትመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ከእርሷ በፊት ስልክ የሚያነሳ ሰው፣ ክፍት መንገድ፣ ግፊት ያለው ውሃ፣ እሳቱ ሳይነሳ ሱቅ ለሱቅ የሚዞር ተቆጣጣሪ መኖር አለባቸው። እነዚህ በሌሉበት አሥር መኪና ቢመጣም አሥር ተመልካች ጨመርን ማለት ነው።

በመዘግየቱ ልጀምር። ጸሐፊው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ተሳልቀዋል። ተረቱ ያስቃል፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። እሳት ደቂቃውን መቁጠር የሚጀምረው ጣቢያው ውስጥ ስልክ ሲጮኽ ሳይሆን ራሱ ሲለኮስ ነው። በስፖንጅ ፍራሽ፣ በሶፋና በፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ የዛሬ ዘመን ክፍል ለሙከራ ሲቃጠል ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ላይ ይቀጣጠላል። በእንጨትና በጥጥ ዕቃ የተሞላው የድሮው ዓይነት ክፍል እዚያ ደረጃ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቀፊራ ወይም አሸዋ ገበያ ያለ ሱቅ ውስጥ ያለውን ዕቃ አስቡት። ጫማው ፕላስቲክ፣ ልብሱ ሰው ሠራሽ ክር፣ ምንጣፉ ፕላስቲክ፣ ሁሉም የተጠቀለለው በፕላስቲክ።

አሁን ሌሊት ነው እንበል። ጭስ ያየ ዘበኛ መጀመሪያ የሚደውለው ለባለሱቁ ነው። ባለሱቁ ለወንድሙ ይደውላል። ወንድም ቁልፍ ይዞ ይሮጣል። በሩ ይከፈታል፤ ታፍኖ የቆየው እሳት የተመኘውን አየር ያገኛል። ከዚያ ዕቃ ማውጣት ይጀመራል። እሳት አደጋ ትዝ የሚለው ከዚህ ሁሉ ግርግር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም «ቁጥሩ ስንት ነበር?» ይባላል። አዲስ አበባ 939 የሚባል አጭር ቁጥር ሰው አፍ ላይ ገብቷል። በየገበያው በረንዳ ምሰሶ ላይ አጭር ቁጥር በቀለም መጻፍ ከአንድ የመኪና ጎማ ያነሰ ያስወጣል፤ የሚያተርፈው ደቂቃ ግን ከማንኛውም ሞተር ይበልጣል።

ቀን ከሆነ ደግሞ መንገዱ አለ፤ የባጃጁ ሰልፍ፣ ከበረንዳ እስከ በረንዳ የተወጠረው ሸራ፣ አስፋልት ድረስ የተዘረጋው ሸቀጥ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችንም አይተናል። እዚያ በመኪናም በሰውም የአገሪቱ ትልቁ የእሳት አደጋ ተቋም አለ። ያም ሆኖ የመንገዱ መጥበብና የሱቆቹ መጠጋጋት ሥራውን እጅግ እንዳከበደው በወቅቱ ተነግሯል። በዚያ ሌሊት የጎደለው ቀይ ቀለም አልነበረም።

ተረኛ ሾፌር ከጣቢያ ከጠፋ ይቅርታ የሌለው ጥፋት ነው ማለታቸው ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ያንን የሚያስተካክለው የተረኛ መዝገብ፣ ያልታሰበ የሌሊት ልምምድና ቁጥጥር ነው። ጉዳዩን የሠራተኛው ሁሉ የባሕርይ ጉድለት ማድረግ በሌሎች ሰዎች ቤት እሳት ውስጥ ገብተው የሚወጡ ልጆችን መበደል ነው።

ወደ ሁለተኛው ክስ ልለፍ፤ «መኪናው ባዶውን መጣ» የሚለው። ይህን ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ድንጋይም ያስወረውራል። እስቲ እናስላው። አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ መኪና ትልቅ የሚባል ነው። ሁለት የውሃ ጎማ (ቱቦ) ዘርግቶ በእያንዳንዱ በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ፣ ውሃው የሚበቃው ለአሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ! የሚቃጠለው የሱቅ ረድፍ ከሆነ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ የደረሰ ሰው የሚያየው ሠራተኞች ደረቅ ጎማ ይዘው ቆመው ነው፤ «ባዶውን መጣ» ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። መኪናው ግን ሞልቶ ነበር የመጣው። ታንከሩ የተሠራው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንዲሸፍን ነው፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ ከከተማው ቧንቧ መጠጣት አለበት።

የከተማው ቧንቧስ? እዚህ ላይ ነው የድሬዳዋ ጉዳይ የሚከብደው፤ ጸሐፊው ደግሞ አንድ አንቀጽ እንኳ አልሰጡትም። ውሃችን ከጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣ ነው። ፓምፕ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ቃጠሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚደረገው ደግሞ የሰፈሩን መብራት ማጥፋት ነው፤ የጠፋው መስመር ፓምፑንም የሚያንቀሳቅሰው ከሆነ እሳቱን ለማጥፋት ብለን ውሃውን አጠፋን ማለት ነው። መውጫው ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ ለእሳት ብቻ የማይነካ መጠን ያለው፣ በራሱ ክብደት የሚወርድ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ሌላም አለ፤ ውሃችን ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያውን ከውስጥ ያየ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ ነጭ ቅርፊት በቧንቧና በሃይድራንት (እሳት አደጋ ከመንገድ ዳር ውሃ የሚቀዳበት የቧንቧ አፍ) ቫልቭ ውስጥም ይጋገራል። ተተክሎ ዓመታት ያልተከፈተ ሃይድራንት በቃጠሎ ሌሊት በመፍቻ ቢታገሉት አይንቀሳቀስም። በየጊዜው እየከፈተ የሚያጥብ፣ ግፊቱን ለክቶ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሰው ያስፈልጋል። ሪባን ተቆርጦ የሚመረቅ ሥራ ስላልሆነ በጀት ሲከፋፈል የሚያስታውሰው የለም።

የውሃ ጉዳይ ሀብታም ከተማንም ያዋርዳል። ቬኒስ በቦዮች ላይ የቆመች ከተማ ስለሆነች እሳት አደጋዋ በጀልባ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ላ ፌኒቼ የሚባለው ዝነኛ የኦፔራ ቤቷ ሲቃጠል ግን በአቅራቢያው ያለው ቦይ ለጥገና ተብሎ ደርቆ ነበር። ጀልባዎቹ መጠጋት አልቻሉም፤ ቤቱም ከግድግዳው በስተቀር አለቀ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደቻቱ አለን። ከዚያ ወንዝ ውሃ ይቀዳል ብሎ የሚያስብ እንደሌለ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ግን ዕቅዱ ካልተጻፈ በጭንቀት ሰዓት ማን ምን እንደሚያስብ አይታወቅም።

አሁን ወደ አሥሩ መኪናዎች። ጸሐፊው «ከጀርመንም ይሁን ከጃፓን፣ ከእንግሊዝም ይሁን ከአሜሪካ፣ የተገኘው ይምጣ» ብለዋል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም፤ ምክንያቱም ጽሑፉ ውስጥ ይበልጥ የተጨበጨበለት ሐሳብ ይህ ነው።

የእሳት አደጋ ጎማ ከጎማ፣ ጎማም ከሃይድራንት የሚያያዘው በብረት መጋጠሚያ ነው። ይህ መጋጠሚያ በየአገሩ ይለያል። ጀርመኖች ስቶርዝ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በጨለማም ይገጠማል። ፈረንሳዮች ጊየሚን የሚባል የራሳቸው አላቸው። እንግሊዞች ወንድና ሴት ያለው፣ ተገፍቶ የሚቆለፍ መጋጠሚያ አላቸው። ጃፓኖች ማቺኖ የሚሉት አላቸው። አሜሪካኖቹ በጥርስ የሚጠመዘዝ ይወዳሉ። አሁን የጸሐፊውን አሥር መኪናዎች አንድ ቃጠሎ ላይ አሰልፏቸው። የጃፓኑ መኪና ውሃ ጨርሷል፤ የጀርመኑ ሞልቶ ከጎኑ ቆሟል፤ የአንዱ ጎማ ከሌላው አፍ አይገባም። ውሃ አለ፣ ሰው አለ፣ መኪና አለ፤ እሳቱ ግን ይቀጥላል።

ይህ ለማስፈራራት የፈጠርሁት አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1904 የአሜሪካዋ ባልቲሞር ስትቃጠል ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒው ዮርክ ድረስ የእሳት አደጋ ቡድኖች በባቡር ተጭነው ደረሱላት። የብዙዎቹ ጎማ ከባልቲሞር ሃይድራንት ጋር አልገጥም አለ። ሊረዱ የመጡ ሰዎች ጨርቅ እየጠቀለሉ ለማያያዝ ሲታገሉ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። አሜሪካ በማግሥቱ ዓመት ለመጋጠሚያዎች አንድ ብሔራዊ መለኪያ አወጣች። መለኪያ ማውጣት ብቻም አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ኮረብታዎች ሲቃጠሉ ከሌላ ከተማ የመጡ ረዳቶች አሁንም የሃይድራንቱ አፍ በመለየቱ ምክንያት ተቸግረዋል። የበለጸገ አገር ሰማንያ ሰባት ዓመት ኖሮት ያልጨረሰውን የቤት ሥራ እኛ በልመና ደብዳቤ እንዘለዋለን ማለት አይቻልም።

መኪና አይምጣ እያልሁ አይደለም። ይምጣ፤ ግን ከተማው አስቀድሞ አንድ የመጋጠሚያ ዓይነት ይምረጥ፤ የሚመጣው ሁሉ አዳፕተሩን (ሁለት የተለያዩ መጋጠሚያዎችን የሚያገናኘውን) ይዞ ይምጣ፤ የፋብሪካዎች ቡድኖችና የሐረር መኪናዎችም ከዚያው ጋር እንዲገጥሙ ይደረግ። መለዋወጫስ? የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው ልዩ ፓምፕ፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ላስቲክ በድሬ ሙቀት ሲሰነጠቅ ምትኩ የሚገኘው ምናልባት ፋብሪካው በተዘጋበት አገር ነው። ከአሥር ዓይነት አሥር መኪና ይልቅ ከአንድ ዓይነት ሦስት መኪና የሚመርጥ መካኒክ ቢያጋጥማችሁ ሰነፍ አትበሉት።

ስለ አንዱ ትልቅ ጣቢያ ደግሞ፤ ጸሐፊው ከዚራን የመረጡት መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው። እውነት ነው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር ከዚራን የነደፉት የባቡር ኩባንያው መሐንዲሶች ናቸው። የመጋላ ሰፈር ግን ከደቻቱ ማዶ በራሱ አካሄድ አደገ። ገበያውና የቤቱ መጠጋጋት የሚበዛው እዚያ ነው። ታዲያ መኪናዎቹን ሁሉ በአንድ ዳርቻ አስቀምጦ አደጋውን በሌላው ዳርቻ መጠበቅ ምን የሚሉት ዕቅድ ነው? ሐምሌ 1998 ዓ.ም ማብቂያ ላይ በአንድ ሌሊት ደቻቱ ገንፍሎ ከ200 በላይ ሰው ሲጨርስ፣ ወንዙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችል አሳይቶናል። ቢያንስ በእያንዳንዱ ዳርቻ አንድ ራሱን የቻለ ጣቢያ፣ ወደ ሳቢያንና ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ደግሞ ትናንሽ የጥበቃ ቦታዎች ያስፈልጋሉ። ትንሽ ማለቴ አንድ መኪና፣ ጥቂት ሰው፣ አንድ ስልክ ነው።

ይህም አዲስ ግኝት አይደለም። ሮማዊው አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ6 ዓ.ም የከተማውን የእሳትና የሌሊት ጥበቃ ሲያቋቁም ሠራዊቱን በአንድ አደባባይ አልሰበሰበውም። አሥራ አራቱን የሮም ክፍሎች ለሰባት ጓዶች ሁለት ሁለት አድርጎ አከፋፈላቸው፤ በየክፍሉም የጥበቃ ቤት ነበራቸው። ሞተር ባልነበረበት ዘመን ርቀት ጠላት መሆኑን ያወቁ ሰዎች ነበሩ።

«ሐረርንም ከዚያው» የሚለውን ሳነብ ጸሐፊው የደንገጎን ዳገት በእግራቸው ባይሆን እንኳ በአውቶቡስ ወጥተውት እንደሆነ ተጠራጠርሁ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። መካከላቸው ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ቀጥሎ ሐረማያና የአወዳይ የጫት ገበያ ግፊያ ይጠብቃል። አሥር ቶን ውሃ የተሸከመ መኪና ያን ሁሉ አልፎ ሐረር ሲደርስ ለቀብር ካልሆነ ለእሳት አይደርስም። ሁለቱ ከተሞች ቢረዳዱ ግን ደስ ይለኛል፤ ትልቅ አደጋ ሲሆን ሁለተኛው ዙር ኃይል ከጎረቤት ይመጣል፣ ሥልጠናውም መጋጠሚያውም አንድ ይሁን። መረዳዳት አንዱ ሌላውን ከመተካት የተለየ ነው።

ወታደራዊ ይሁን የሚለው ሐሳብ ላይ ጸሐፊው «ከተማችንን የነደፉት ፈረንሳዮች እሳትን ለወታደር ሰጥተዋል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 ፓሪስ ውስጥ በኦስትሪያ አምባሳደር መኖሪያ ለናፖሊዮን ጋብቻ ክብር የተዘጋጀው የጭፈራ ግብዣ በእሳት ተቋጨ፤ የነበረው የእሳት መከላከያ ያሳየው ድክመት ናፖሊዮንን ስላስቆጣው በማግሥቱ ዓመት ወታደራዊ ሻለቃ አቋቋመ፤ እስከ ዛሬም የፓሪስ እሳት አደጋ የምድር ጦሩ አካል ነው። ማርሴይም እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ ትልቅ መደብር ተቃጥሎ ከ70 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ ለባሕር ኃይሉ ተሰጠች። በፈረንሳይ ከተማን የሚጠብቅ ወታደራዊ እሳት አደጋ በዚህ ያበቃል፤ ሁለት ከተማ። በተቀረው አገር አገልግሎቱ የሲቪል ነው፤ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቻቸው ውስጥም ከአምስቱ አራቱ ገደማ ሌላ ሥራ ያላቸው ፈቃደኞች ናቸው። ጸሐፊው «ባልዲ ይዞ የሚሮጥ ሕዝብ የድህነት ምልክት ነው» ሲሉ ይህን ማወቅ ነበረባቸው። በቺሊ ዋና ከተማዋን ሳንቲያጎን ጨምሮ የአገሪቱ እሳት አደጋ በፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ጀርመንም ከመቶ ሺህ በላይ ነዋሪ ካላቸው ከተሞቿ ውጭ ባለው አብዛኛው ክፍሏ በፈቃደኞች ትጠበቃለች።

ሕዝቡ መንገድ ዘግቶ በስልክ ሲቀርጽ ሥራ ያደናቅፋል ማለታቸውን እቀበላለሁ። ግን ያ ሕዝብ እኮ ያለ ሥልጠና የቆመ ረዳት ነው። የየቀበሌው ሃያ ወጣት መብራት ማጥፋት፣ ሰው ማራቅ፣ ባጃጅ ማስነሳት፣ የሃይድራንት ክዳን መክፈት ቢሠለጥን መኪናው ሲደርስ ሥራው ተጀምሮ ይጠብቀዋል። በፋብሪካ ውስጥ የምንሠራውም ይህንኑ ነበር፤ ከማሽን ላይ የሚነሳ ሠራተኛ ሁሉ ቦታውን ያውቃል።

በዚያው አንቀጽ «ጎርፍ የእሳት አደጋ ሥራ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገር ተሸጉጧል። በድሬዳዋ ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። በዚያችው በሚያደንቋት ፈረንሳይ ሠራተኞቹ ከሚጠሩባቸው አሥር ጥሪዎች አንዱ እንኳ እሳት አይሆንም፤ አብዛኛው የታመመ፣ የተጎዳ፣ የተያዘ ሰውን ማዳን ነው። ገመድ መወርወርና በውሃ ውስጥ ሰው መሳብ የማያውቅ የድሬ እሳት አደጋ ሠራተኛ ግማሽ ሠራተኛ ነው።

የግል ቡድን የሚለው ሐሳብ ሁለት የታሪክ ምስክር ተጠርቶለታል። አንደኛው ሮማዊው ባለጸጋ ክራሱስ ነው፤ «የዓለምን የመጀመሪያ እሳት አደጋ ያቋቋመው የግል ባለሀብት ነው» ተብሏል። ስለ ክራሱስ የተረከው የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንዲህ አላለም። ያለው ክራሱስ ከ500 የሚበልጡ ግንበኛ ባሪያዎችን ሰብስቦ እየተቃጠሉ ያሉ ቤቶችንና የጎረቤቶቻቸውን ቤቶች ባለቤቶቹ ሲጨነቁ በርካሽ ይገዛ እንደነበር ነው። እሳት አጠፋ የሚል የለበትም። ጸሐፊው ለነጋዴዎቻችን አርአያ ያደረጉት የተቃጠለ ቤት ነጋዴን ነው።

ሁለተኛው ምስክር ለንደን ናት። እውነት ነው፤ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የየራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ነበር። ጸሐፊው ታሪኩን እዚያ ላይ አቆሙት። እኔ ልቀጥልላቸው። ድርጅቶቹ ለየብቻ መሮጡ ስላላዋጣቸው እ.ኤ.አ. በ1833 ቡድኖቻቸውን አዋሕደው በጄምስ ብሬድዉድ አመራር ሥር አደረጉ። በ1861 በቴምዝ ዳር ያለው የቱሊ ጎዳና መጋዘን ተቃጠለ፤ ብሬድዉድ ራሱ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ፤ ኪሳራው ድርጅቶቹን አናወጣቸው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ወደ መንግሥት ሄደው «ይህን ሸክም ከእንግዲህ አንችለውም» አሉ። በ1865 ሕግ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት መባቻ የለንደን የሕዝብ እሳት አደጋ ሥራ ጀመረ። የግል ቡድን ይዘው ለዘመናት የኖሩት ሰዎች ያስረከቡትን ነገር እኛ አሁን እንጀምረው ማለት ነው። ደግሞስ እሳት የመዋጮ ደረሰኝ አያይም፤ የከፈለው ሱቅና ያልከፈለው ሱቅ የሚጋሩት ግድግዳ አንድ ነው።

ስለ ጁገል ባጭሩ። ጸሐፊው መተላለፊያዎቹ ይስፉ ይላሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያጠሩትን፣ በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ የተመዘገበውን ከተማ ለአንድ መኪና ስፋት ማፍረስ ጥበቃ አይባልም። የሐረሪው ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ጣሪያው በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር። በቶሎ የሚያያዘው ከግንቡ ውጭም ውስጥም የተሰካካው የቆርቆሮና የጣውላ ሱቅ ነው። መኪናው ካልገባ ጎማው ይግባ። በየበሩ የጎማ ሣጥንና የውሃ መቅጃ፣ በባጃጅ አካል ላይ የተጫነ ትንሽ ፓምፕ፣ አጠቃቀሙን የሚያውቅ የሰፈር ወጣት። ጃፓኖች ሺራካዋ በሚባለው የሣር ክዳን መንደራቸው ቤቶቹን ከማራራቅ ይልቅ በየቤቱ አቅራቢያ የውሃ መርጫ ተክለው በየዓመቱ አንድ ላይ ከፍተው ይለማመዳሉ፤ ልምምዱን የሚያይ ጎብኚ እንኳ አላቸው።

የቀረው ፍተሻ ነው። «መኪና ስለሌላቸው ነው ነጋዴውን በወረቀት የሚያስቸግሩት» ይላሉ ጸሐፊው። ለዚህ መልሱ ያለው ኒው ዮርክ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 ትራያንግል የሚባል የልብስ ፋብሪካ ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ፎቅ ተቃጠለ። እሳት አደጋው አልዘገየም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ደርሷል። ውሃ ነበረው፣ መኪና ነበረው፣ መሰላሉም ረዥም ነበር፤ ግን የሚደርሰው ስድስተኛው ፎቅ አካባቢ ነበር። ከላይ ያሉት ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ አንደኛው የመውጫ በር ተቆልፎባቸው ነበር። 146 ሰው ሞተ። ከተማዋ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ረዥም መሰላል መግዛት ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ በእሳት አደጋው ሥር የመከላከልና የቁጥጥር ክፍል ተቋቋመ።

የእኛ ገበያ ከዚያ ፋብሪካ የሚለይበት ነገር ብዙ አይደለም። ከውጭ በሁለት ቁልፍ የሚዘጋ የብረት በር፤ ከኋላ መውጫ የሌለው መጋዘን፤ ከአንድ ቆጣሪ ለስድስት ሱቅ የተቀጠለ ሽቦ፤ ከጄኔሬተሩ አጠገብ በጀሪካን የተቀመጠ ቤንዚን፤ ምሳ የሚበስልበት ቡታጋዝ ከልብስ ክምር ሥር። ተቆጣጣሪ ይህን አይቶ ዝም ካለ ነው መወቀስ ያለበት።

ጸሐፊው የፈሩት ፍተሻው የእጅ መንሻ መቀበያ እንዳይሆን ከሆነ፣ ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ፍተሻውን ማስቀረት አይደለም። የሚታዩት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ይታተሙ፤ ሐረር ላይ በሐረሪኛም። ተቆጣጣሪው ሁለት ሆኖ ይምጣ፤ ያየውን ምልክት ያድርግ፤ ለማስተካከያ የሰጠውን ቀን ይጻፍ፤ ሁለቱም ወገኖች ይፈርሙ። ቅጂው ነጋዴው ዘንድ ይቅር። ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው ጊዜ በገጹ ላይ የሌለ ነገር ከጠየቀው፣ ነጋዴው ለአቤቱታው የተፈረመ ወረቀት በእጁ አለ።